ተራ የያዘ ድንጋይ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ድንጋይ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ልበ ደንዳና ሆናችሁ ታውቃላችሁ ወይ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም በየጊዜው ሆነናል። እኔ የምለው መሬት ላይ የሚቀመጠውን፣ የማይናገረውን፣ የእግር ጣት ሲመታው እንኳ "ኧረ!" የማይለውን እውነተኛውን ድንጋይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድንጋይ ሆኜ ዋልኩ። ምስክር ካስፈለገ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይመሰክርብኛል።

ነገሩ የጀመረው በጨጓራዬ ነው። መሃል ከተማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የወለል ድንጋይ እሸጣለሁ። ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ጨጓራ ባይኖረው ነው የሚገርመው። ለብዙ ጊዜ ራሴን በራሴ ሳክም ቆየሁ። ተልባ ጠጣሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ያዘዘልኝን ጠጣሁ። እሱ ያዘዘልኝ ሲያቃጥለኝ ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ማብረጃ አዘዘልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰለቻት።

"ያንተን የጨጓራ ታሪክ ከምሰማ አንዱን ስብከት አሥር ጊዜ ብሰማ ይሻለኛል" አለችኝ። "እናቴን ያዳናት የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ነው። ነገ ጠዋት ትሄዳለህ፤ አለቀ።"

እውነቱን ልናገር፤ ጤና ጣቢያ ለክትባትና ለወሊድ ብቻ የተሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ ሲያመኝ የግል ክሊኒክ ውስጥ ለሚሠራ ወዳጄ እደውላለሁ። ልጄ ማታ ብታስል ቁርስ ሳትበላ መድኃኒቷ ቤት ይደርሳል። ተራ መያዝ የሚባለውን ነገር የማውቀው ነዳጅ ማደያ ብቻ ነው፤ እዚያም ተራዬን የሚይዝልኝ መኪናዬ እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ስለዚችው መኪና ልንገራችሁ፤ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ላቁማት ብል ማርሹን ትተፋዋለች። ስለዚህ ያለኝ ዘዴ ሜዳ ላይ ማቆም ብቻ ነው። ሐዋሳ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ሜዳ ናት፤ አንዳንዴ ከተማዋ የተቆረቆረችው ለእኔ መኪና ታስቦ ይመስለኛል። ጤና ጣቢያው ግን ያለው ተራራው ሥር፣ መንገዱ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ጎመንና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኔ ሐኪም ልታይ ሄጄ የሰው ቲማቲም ላይ መኪና መልቀቅ አልፈለግኩም። ጎማዋን ለጊዜው ከቦዩ ጠርዝ ጋር አስደገፍኳትና ድንጋይ ፍለጋ ግቢው ውስጥ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀምሮ እስከ ዋርካው ድረስ አንድ ረጅም መስመር ተዘርግቷል። ድንጋይ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። አጠገባቸው ሰው የለም። ሰዉ በረንዳውና ዛፉ ሥር ተበታትኖ ተቀምጧል። እኔ በልቤ "አበባ ሊተክሉ ዙሪያውን ከልለው ትተውታል፤ አገሩ እንዲህ ሆኖ ቀረ" ብዬ አዘንኩ። እያዘንኩ ሳለ አንድ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን ለመሆን ትንሽ የቀረው ድንጋይ ዓይኔን ያዘው። ድንጋይ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ደህና ድንጋይ ሳይ አውቃለሁ። ይሄ ለጎማ የተፈጠረ ነው። አነሳሁትና ይዤው ወጣሁ።

ማንም ምንም አላለኝም። በኋላ ስጠይቅ፣ ያዩኝ ሰዎች "በዚያ ሁሉ ኩራት ድንጋይ ሲያነሳ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ መስሎን ነው" አሉኝ።

ድንጋዩን ጎማው ሥር ወሸቅኩት። ልክክ አለ። በሙያዬ እየተደሰትኩ ተመልሼ ስገባ የካርድ ክፍሉ መስኮት ተከፈተና የጥበቃው ሠራተኛ ጋሽ ሀሜሶ በረንዳው ላይ ወጥቶ አጨበጨበ።

"ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁን ያዙ!"

ያን ጊዜ የበረንዳውም የዛፉም ሥር ሰው ብድግ አለ። ከውጭም እየሮጠ የገባ ነበር። አንዷ ሴት ልጇን ታቅፋ ከጀሪካኑ ጀርባ ቆመች። አንድ አባት ነጠላ ጫማውን ከመሬት አንስቶ አጠለቀው፤ ለካ እስካሁን በአንድ እግር ጫማ ሲዞር የነበረው ሌላኛውን ተራ አስይዞ ኖሯል። ሌላዋ ጠርሙሷን አንስታ ውኃዋን ተጎነጨች። አበባ የሚተከልበት መስሎኝ የነበረው መስመር ዓይኔ እያየ ሰው በሰው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ተራ ሊይዝ የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ቢሰለፍ የዕለት ጉርሱን ማን ያመጣለታል? ስለዚህ በምትኩ የሆነ ነገር አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዱ ሸክሙን ተሸክሞ፣ አንዷ የሰው ልብስ አጥባ፣ ተራው ሲቃረብ ይመለሳል። ድንጋይ ሥራ የለበትም፤ መዋል ይችላል።

"እዚህ ጋ ድንጋይ ነበር!" የሚል ድምፅ ከሰልፉ ፊት አካባቢ ተሰማ። የጮኹት እማማ ማርታ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘዋል። "የታደለች ጥቁር ድንጋይ እዚህ ነበር፤ ከእኔ ፊት! የት ገባ?"

ጋሽ ሀሜሶ መጥቶ መሬቱን አየ። "ድንጋይ የለም እማማ።"

"ስታስቀምጠው አብሬያት ነበርኩ እኮ!"

"አውቃለሁ። ግን ባለፈው 'አይቼዋለሁ፣ አላየሁም' ተባብላችሁ ስትጣሉ፣ ምስክር አንሰማም፣ ዕቃው ከሌለ ተራ የለም ብላችሁ የተስማማችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ጠጋ በሉ።"

"ሀሜሶ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!" አሉ እማማ ማርታ። ድምፃቸው ተሰበረ። "የልብ ሐኪሙ የሚመጣበት ቀን ነው። ያቺን ልጅ ታውቃታለህ አይደል?"

አጠገቤ የቆመችው ሴት ለሌላዋ ስትነግር ሰማሁ። ታደለች ቃልኪዳን የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ከልጆች ጋር እየሮጠች ሳለ በድንገት ቁጢጥ ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ትንሽ ቆይታ ትነሳና እንደገና ትጫወታለች። ሰዉ "ስትቀልድ ነው" ይል ነበር። የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ደረቷን ሲያዳምጣት ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ለእናቷ ነገራት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትልቁ ሆስፒታል የልጆች የልብ ሐኪም እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ሆስፒታል ሄዶ ለመንከራተት አቅም የሌለው እዚሁ ይታያል። ሐኪሙ ግን አንድ ሰው ነው፤ የሚያየው የቻለውን ያህል ብቻ ነው። ታደለች ከዚህ በፊት መጥታ፣ ተራው አልቆ ተመልሳለች።

ይህን ስሰማ ቀስ ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ድንጋዩን አምጥቼ በሰው እግር መሃል ላንከባልለውና "ይኸውና!" ብዬ ልጮህ ነበር። መኪናዬ ጋ ደርሼ ድንጋዩን ሳብ ሳደርገው ግን መኪናዋ ከእኔ ቀድማ ተነሳች። የቦዩ ጠርዝ ለካ ተሸርፏል። በጉልበቴ ደግፌ፣ የማይገባ ስም እየጠራኋት፣ ድንጋዩን መልሼ ወሸቅኩት። ከታች አንዷ ቲማቲም ሻጭ ቀና ብላ አየችኝና መደቧን ትንሽ ወደ ዳር ሳብ አደረገች።

ሌላ ድንጋይ ልፈልግ ዞርኩ። አልነበረም። ተራራ ሥር ቆሜ ድንጋይ አጣሁ! አካባቢው ያለ ደህና ድንጋይ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተራ ይዟል።

ተመልሼ ገባሁ። "ድንጋዩ እኔ ጋ ነው" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ጮክ ብዬ "ድንጋዩን የወሰድኩት እኔ ነኝ! ጎማዬ ሥር ነው!" ስል ግን ሁሉም ዞረ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ሲከበር ጉዱማሌ አደባባይን የሚሞላው ሕዝብ በሙሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ።

በሲዳሙ አፎ ተነጋገሩ። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ሐዋሳ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ በሲዳሙ አፎ የምችለው ዋጋ መከራከር ብቻ ነው። ስለዚህ የተባለው አልገባኝም፤ ዋጋ እንዳልሆነ ግን ገባኝ። በመጨረሻ እማማ ማርታ ወደ እኔ ዞሩ።

"ና እዚህ ቁም" አሉኝ፣ ከፊታቸው ያለውን ክፍት ቦታ እያሳዩኝ።

"እማማ፣ እኔ እኮ ጨጓራዬን ለመታየት..."

"አንተማ የለህም። ድንጋይ ወስደሃል፣ ድንጋይ ትሆናለህ። ታደለች እስክትመጣ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ሀሜሶ፣ ዕቃ ካለ ተራ አለ ብለሃል፤ ይኸው ዕቃ!"

ጋሽ ሀሜሶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ትንሽ ይበዛል" አለ፤ "ግን ሕጉ ስለ መጠን አይናገርም።"

በዚህ ዓይነት ድንጋይ ሆንኩ። ድንጋይነት ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ "ድንጋዩ ጠጋ ይበል!" ይባላል። ልቀመጥ ስል "ድንጋዩ ደከመው" ብለው ይስቃሉ። አንድ ደንበኛዬ በአጥር በኩል ሲያልፍ አየኝና "ጋሼ፣ ሲሚንቶ ገባ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እማማ ማርታ "ድንጋይ አይናገርም" አሉ። ቀጥሎ ባለቤቴ ደወለች።

"ተራህ ደረሰ?"

"እኔ ተራ የለኝም" አልኳት በሹክሹክታ። "እኔ ራሴ የሰው ተራ ነኝ።"

"ጨጓራው ወደ ላይ ወጣ እንዴ?" አለችና ለጸሎት ጓደኞቿ ልትነግር ስልኩን ዘጋች።

ቆሜ ስውል ግን መቀለዱ እየቀነሰ መጣ። እማማ ማርታን "ታደለች ምን ትሠራለች?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ድንጋይ አይናገርም ያሉትን ረስተው መለሱልኝ።

"አስፋልት ጠራጊ ናት። ድንጋዩን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። የጠረገችውን አለቃዋ አይቶ ሳይለቃት መምጣት አትችልም። ከዚያ ቤቷ ትሄዳለች፣ ልጅቷን ከጎረቤት ትቀበላለች፣ አዝላ ትመጣለች።"

"የት ነው የምትጠርገው?"

"መሃል ከተማ ነው አሉ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥበት መንገድ።"

መንገዱ የእኔ ነው። ያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሱቅ ስከፍት ደጄን ቆሽሾ አግኝቼው አላውቅም። ለዚህም ራሴን አመሰግን ነበር፤ ደህና ቦታ መርጫለሁ እያልኩ። ደጄን በየጠዋቱ ማን እንደሚያጸዳው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ እኔ ስነሳ እሷ ጨርሳ ሄዳለች። አሁንም እኔ ጎማዬን ብቻ አስቤ፣ ልጇ ሐኪም የምታገኝበትን ብቸኛ ነገር ከመሬት አንስቼ ሄድኩ። አፈርኩ።

ሰልፉ እየተጎተተ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ታደለች አልመጣችም።

"ስም?" አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና ሳትል።

"ቃልኪዳን።"

ቀና አለች። ግንባሬን አየች፤ ከዚያ ሆዴን። "የልብ ሐኪሙ የሚያየው ልጆችን ነው።"

"እኔ ድንጋዩ ነኝ" አልኳት። ይህንን ዓረፍተ ነገር በእኔ ዕድሜ ለመንግሥት ሠራተኛ እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጋሽ ሀሜሶ አስረዳት። ታካሚዋ ራሷ ሳትኖር ካርድ አይወጣም ተባለ። ቀጣይ ይለፍ ተባለ። ቀጣዩ እማማ ማርታ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉና ገብተው ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ አንዷን እናት አሳለፍኩ። ሌላዋንም አሳለፍኩ። አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ከታደለች እጅ አንድ ነገር የምነጥቅ መሰለኝ። ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም። ለሲሚንቶ ጭነት እንኳ እንዲህ በር አይቼ አላውቅም።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ከውስጥ ጠይቃ ተመለሰች። "ሐኪሙ ከዚህ በኋላ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያየው። ወደ ሆስፒታሉ ይመለሳል።"

ከእኔ ቀጥሎ የቆመው ያ ነጠላ ጫማውን ተራ አስይዞ የነበረው አባት ነው። ወንድ ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቷል። እለፍ እንዳልለው ታደለች አለች፤ አትለፍ እንዳልለው እሱም ጎህ ሳይቀድ የመጣ ሰው ነው። እውነተኛ ድንጋይ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰውዬው እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። "የእኔ ልጅ ለቁጥጥር ነው የመጣው፤ ደህና ነው" አለ። "ትንሽ እንጠብቃት።"

"እስከ መቼ?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"እስክትመጣ" አሉ እማማ ማርታ።

መጣች። አረንጓዴ የጽዳት ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ልጅቷን አዝላ፣ በሩጫ ነው የገባችው። ሰው ፊት አላየችም። ዓይኖቿ መሬት ላይ ናቸው። ከሰልፉ መጨረሻ ጀምራ መሬት መሬቱን እያየች እስከ መስኮቱ መጣች፤ እግሬን አይታ አለፈችኝና ተመለሰች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

"ድንጋዬስ?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

አልገባትም። ማን ይገባዋል? እማማ ማርታ ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ ገፏት። "እሱ ነው ድንጋይሽ! ግቢ፣ በኋላ እነግርሻለሁ!"

ገባች። ከሰልፉ ውስጥ እልል ያለችም ነበረች። እኔ ተነቃነቅኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልተቆጣኝም። ሄጄ ጨጓራዬን መታየት እችል ነበር። ግን በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ እማማ ማርታና ባለ ነጠላ ጫማው ተቀመጡ።

ታደለች ስትወጣ አልቅሳ ነበር፤ ግን ፊቷ ተፈትቷል። እማማ ማርታ ሳይጠይቋት ተናገረች።

"ቀዳዳ አለ አለኝ፣ ልቧ ላይ። የሚጠገን ነው አለኝ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ በማሽን ያያታል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "በጊዜ አመጣሻት አለኝ እማማ። በጊዜ!"

እሷ የተደሰተችበት ቃል እኔን ወጋኝ። በጊዜ። ያ ጊዜ ጠዋት በእጄ ነበር፤ አንስቼ ጎማ ሥር ወሽቄዋለሁ። ቃልኪዳን ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ታየኛለች። ጉንጮቿ እንደማንኛውም ልጅ ናቸው፤ ከንፈሯ ብቻ ጠቆር ብሏል።

ብድግ አልኩና ንግግር አደረግኩ። ሱቄ እሷ የምትጠርገው መንገድ ላይ እንደሆነ ነገርኳት፤ አወቀችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ሞቅ አለኝና ለሚቀጥለው ማክሰኞ ምንም እንዳታስብ፣ እኔ ራሴ ጎህ ሳይቀድ መጥቼ ተራውን እንደምይዝላት፣ ከዚህ በኋላም በማንኛውም ማክሰኞ ከእኔ ሌላ ሰው እንዳትፈልግ ነገርኳት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር መሰለኝ።

እስክጨርስ በትሕትና ሰማችኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። "ድንጋዬን ግን ይስጡኝ።"

ጋሽ ሀሜሶ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እውነቷን ነው። ሰው ብዙ ነገር ይላል፤ እሷ ልጅ አላት።

አብረን ወጣን። ገብቶ የእግር ፍሬን መርገጥ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ፤ ጀርባዬን ለመኪናዋ ሰጠሁ፣ እግሬን ቦዩ ላይ ተከልኩ፣ "አሁን ሳቢው" አልኳት። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አወጣች፣ አቧራውን በካፖርቷ ጠረገች፣ ብብቷ ሥር ያዘችው። መኪናዋ ሙሉ ክብደቷን ጀርባዬ ላይ ጣለች። ታደለች ልትረዳኝ ብትልም "ሂጂ፣ ልጅቷን ፀሐይ እንዳይመታት፤ ሰው ይመጣልኛል" አልኳት። አመነታች፤ ከዚያ በቁልቁለቱ ወረደች።

ጥቂት እንደሄዱ ቃልኪዳን ከእናቷ ጀርባ ላይ ዞራ አየችኝ። ትንሿን እጇን ከአንቀልባው አወጣች።

"ቻው ድንጋይ!" አለችኝ።

ላውለበልብላት እጄን ባነሳ መኪናዋ ታመልጠኛለች። "ቻው ቃልኪዳን" አልኳትና ጋሽ ሀሜሶ ለምሳ እስኪወጣ እዚያው ቆምኩ።